የእርፍ እጅ

ሃምሳ አለቃ ገብረወልድ ሰው ሲያምን ያየው የለም። ሐኪም ያዘዘለትን ኪኒን ለሁለት ሰብሮ ውስጡን ሳያይ አይውጥም። ባጃጅ ሲሳፈር ሾፌሩን ከኋላ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ አንድ መታጠፊያ ካለፈ፣ ቤቱ እዚያው ፊት ለፊቱ እየታየ እንኳ፣ «ወዴት ልትወስደኝ ነው?» ብሎ ይጮህበታል። ሚስቱ ሸዋወርቅ «አንተ እኮ መልአክ ቢመጣብህ መታወቂያ ነው የምትጠይቀው» ትለዋለች። እሱ ደግሞ አይክድም። «መታወቂያማ ተመሳስሎ ይሠራል» ይላታል፣ ከልቡ።

ይህ ጠባይ አብሮት የተወለደ አይደለም፤ ሥራው ነው ያመጣበት። ገብረወልድ ከምንጃር ወጥቶ በንጉሡ ጊዜ ወታደር ሲቀጠር ገና ጢሙ በቅጡ አልበቀለም ነበር። ያኔ እግረኛ ወታደር የሚቀረጸው በዝግታ ነው። ብርድ ልብስ ማጠፍ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር። ጠመንጃ ከመንካትህ በፊት ባዶ እጅህ የት መቀመጥ እንዳለበት ያስተምሩሃል፤ ካልገባህ ነገም ያንኑ፣ ከነገ ወዲያም ያንኑ። ገብረወልድ ነገሩን ወደደውና ወዲያው ጎበዝ ሆነ፤ አሠልጣኝ አደረጉት።

ከዚያ ስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት መጣ። በምሥራቅ በኩል ጦርነቱ ሲገፋ መንግሥት ከየአውራጃው ገበሬ ሰበሰበ፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ያለው ታጠቅ ጦር ሰፈርም በሰው ተጥለቀለቀ። ገብረወልድ ያን ጊዜ አሥር አለቃ ነው። ከአርሲ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ የመጡ ገበሬዎች አስረከቡትና «ክረምት ሳይገባ ወታደር አድርጋቸው» አሉት። ትናንት ከበሬው ጋር ሲያወራ የዋለ ሰው ዛሬ በጓድ፣ በመቶ፣ በሻምበል ተከፍሎ ይሰለፋል፤ ስሙን ሲጠሩት «አቤት» ከማለቱ በፊት ዞር ብሎ ዘመዱን ይፈልጋል። ገብረወልድ እንደዚያ ጊዜ ጮሆ አያውቅም፤ ድምፁ እስከ ዛሬ የሚሻክረው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጠራጠርንም የተማረው እዚያው ነው። ታሞ የሚተኛ አለ፤ ሳይታመም የሚተኛም አለ። የገባው መስሎ ያልገባው አለ። አሠልጣኝን ከሁሉ የሚያስፈራው ግን እያወቀ የማያውቅ የሚመስለው ነው፤ ምክንያቱም እንዲህ ያለው ሰው ወይ ሊጠፋ አስቧል፣ ወይ ሌላ ቦታ ሠልጥኖ የመጣ ነው።

ክረምቱ ሲቃረብ ገበሬዎቹ ተጭነው ሄዱ። ገብረወልድ መኪናው ላይ ሲወጡ አንድ በአንድ አያቸው፤ ከዚያ ወዲህ ግን አንዳቸውንም አላየም። ሳይበስሉ ነው የላክኋቸው የሚል ነገር ሆዱ ውስጥ ቀረ። ለሸዋወርቅ አፍ አውጥቶ ነግሯት አያውቅም፤ እሷ ግን ነገሩ ገብቷታል። አዳማ መናኸሪያ አጠገብ እጁ ወይም እግሩ የጎደለ ሽማግሌ ባዩ ቁጥር ባሏ ቆም ብሎ የሰውዬውን ፊት ያጠናል፤ እሷም ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ትጠብቀዋለች። አታቸኩለውም።

ሰማንያ ሦስት ላይ ሠራዊቱ ሲበተን አብሮ ተበተነ። አዳማ ገባ፣ አንድ ዱቄት ፋብሪካ በር ላይ ዘበኛ ሆነ፣ እዚያው አረጀ። ለዘበኝነትማ ከእሱ የተሻለ ሰው ከየት ይገኛል! የፋብሪካው ባለቤት እንኳ ሲወጣ ይፈተሽ ነበር።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ኅዳር ላይ፣ ጦርነቱ ወደ መሀል አገር ሲቃረብ፣ ከተማው ሁሉ ገብረወልድን ሆነ። ካፌ የተቀመጠ ሰው ከጎኑ ያለውን ሰው ጫማ ማየት ጀመረ። አከራይ ተከራይዋን ትጠብቃለች፣ ተከራይ አከራይዋን። «ጸጉረ ልውጥ» የሚለው ቃል ከዜና ወጥቶ የልጆች መሰዳደቢያ ሆነ። ከየግቢው አንድ ሰው ወጥቶ ሰፈሩን እንዲጠብቅ ሲታዘዝ፣ አሠልጣኝ ያስፈልጋል ተባለና የገብረወልድ ስም ተነሣ።

የጥበቃ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ሽኩር ቤቱ ድረስ መጣ። ሽኩር የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሱቅ አለው። ደህና ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ኃላፊነቱ ከተሰጠው ወዲህ ግን ድምፁ ዝቅ ብሏል፤ ነፋሱ በርትቷል ለማለት እንኳ ያንሾካሹካል።

«ሃምሳ አለቃ፣ እንግዲህ እርስዎን ነው የመረጥነው» አለ ጠጋ ብሎ። «ማሠልጠን ብቻ አይደለም። ዓይንዎንም እንፈልገዋለን።»

«ዓይኔን?»

«መሀላችን ማን ማን እንደሆነ ማወቅ አለብን። እርስዎ ሰው ሲቆም አይተው ያውቃሉ ይባላል።»

ገብረወልድ ደስ አለው፤ ይህን መደበቅ አይቻልም። እድሜ ልኩን የተሳቀበት ጠባይ ድንገት ተፈላጊ ሆነ።

ሥልጠናው ቅዳሜና እሑድ ጠዋት ከትምህርት ቤቱ ኋላ ባለው ሜዳ ላይ ነበር። የአዳማ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ፊት ፊታቸውን ይላቸዋል። ጠመንጃ የለም፤ ሁሉም በትር ይዟል። ባጃጅ ነጂዎች፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የሚሰፉ ወጣቶች፣ አንድ ሆዱ ገፋ ያለ የሒሳብ መምህር ነበሩበት። ገብረወልድ አሰልፎ ተጠንቀቅ አስባላቸውና «ወደ ግራ ዙር!» ብሎ ጮኸ። ገሚሱ ወደ ቀኝ ዞረ፤ በትርና በትር ተጋጨ፤ ሳቅ ሆነ።

በሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ የቆመው ልጅም ወደ ቀኝ ዞሯል። ሠላሳዎቹን ያጋመሰ፣ ደረቱ ሰፋ ያለ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ገብረወልድ አልሳቀም። የማያውቅ ሰው የሚሳሳተው ጎረቤቱን አይቶ ነው፤ ይህ ሰው ግን ማንንም ሳያይ ተሳሳተ። ተሳስቶ ሲዞርም ተረከዙ የሚያርፍበትን ቦታ አልሳተም። ሌላም ነገር አለ፤ ከመዞሩ በፊት ግራ እጁ አንዴ ጥብቅ ብሎ ተጨብጦ ተፈታ።

ገብረወልድ ደገመው። «ወደ ቀኝ ዙር!» የሰውዬው ቀኝ አንጓ አንዴ ወዝወዝ አለች፤ እሱ ራሱ ግን ወደ ግራ ዞረ። እጁ ያውቃል፤ እግሩ ይዋሻል።

በእረፍት ሰዓት ጠራውና ጨበጠው። «ስምህ ማነው?»

«ጫምሳ እባላለሁ ጋሼ።»

«ወታደር ነበርክ?»

«ኧረ የለም።»

«ፖሊስ? ሚሊሻ?»

«እኔ ሽንኩርት ጫኝ ነኝ ጋሼ። መቂ እየሄድኩ ለአዲስ አበባ መኪና ነው የምጭነው። ወይዘሮ በድሪያ ግቢ ተከራይቼ ነው፤ ከግቢው ሰው ሲጠፋ አንተ ውጣ አሉኝ፣ ወጣሁ።»

ጫምሳ ከሄደ በኋላ ገብረወልድ መዳፉን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ሽንኩርት ሸተተው። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ገብረወልድ ግን ሜዳው መሀል እጁን እንዳሸተተ ቆሞ፣ ሆን ብሎ ተቀብቶት ቢሆንስ ብሎ አሰበ።

በማግሥቱ እሑድም ያው ሆነ፤ ግራ ሲባል ጭብጥ፣ ቀኝ ሲባል ወዝወዝ። ገብረወልድ ምልክት ነው ብሎ ቆረጠ። ምልክት ከሆነ የሚያየው ሰው መኖር አለበት። ጫምሳ ፊቱን ያዞረበትን አቅጣጫ ተከትሎ ሲመለከት አንዲት ሴት አጥር ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ምስኪኗን ሴት መጠራጠር ጀመረ። ቀይ ፎጣ ከነጭ አንሶላ ቀጥላ ለምን ሰቀለች?

ሰኞ ማለዳ ኮፍያውን ደፍቶ ጫምሳን እስከ መናኸሪያው ተከተለው። ልጁ መቂ የሚሄድ መኪና ውስጥ ገባ፤ ረዳቱም በስሙ ጠራው። ነገሩ ሁሉ እንዳለው ሆነ፤ ገብረወልድን ያናደደውም ይኸው እንከን ማጣቱ ነው። ከዚያ ወይዘሮ በድሪያ ዘንድ ጎራ አለ። ሴትዮዋ ተከራይዋን አመስግና አትጠግብም፤ ሰው አያመጣም፣ አይጮህም፣ ክፍሉን ራሱ ይጠርጋል። «ደግሞ አልጋውን ቢያዩት!» አለች። «ብርድ ልብሱን እንደ ሳጥን አጣጥፎ፣ ጥጉን በእጁ ተኩሶ ነው የሚወጣው። ሴት እንኳ እንዲህ አታነጥፍም።»

ገብረወልድ ሌላ መስማት አላስፈለገውም። ሽንኩርት ጫኝ ብርድ ልብስ እንደ ሳጥን አያጥፍም።

ዓርብ ጠዋት ለሽኩር ነገረው። የሚያውቀውን ብቻ ነገረው፤ ተረከዙን፣ እጁን፣ ብርድ ልብሱን። የቀረውን ሽኩር ራሱ ሞላው። «ይኸው!» አለ እየተንሾካሾከ፣ ከቧንቧዎቹ በቀር የሚሰማ እንደሌለ እያየ። «ደግሞ ሳምንቱን ግማሽ እዚህ የለም። የት እንደሚያድር ማን ያውቃል? ነገ ከሥልጠናው በኋላ ፖሊሶች መጥተው ይወስዱታል፤ እርስዎ ምንም አይምሰልዎት።»

«ወዴት?»

«እሱን እነሱ ያውቃሉ» አለ ሽኩር።

በዚያ ሰሞን የተወሰደ ሰው የሚመለስበትን ቀን ማንም አይነግርህም። ገብረወልድ ይህን ያውቃል። አውቆም ቤቱ ሄደ፣ ሥራውን እንደ ሠራ ሰው እግሩን ታጠበ።

ሸዋወርቅ ምስር እየለቀመች ነበር። ነገሩን አፍኖ መያዝ አልቻለም፤ ሁሉንም አወራላት። «እጁን ብታይው!» አለና ተነሥቶ መሀል ቤት ቆመ። «እኔ ወደ ግራ ዙር ስል፣ እሱ እንዲህ ያደርጋል።» ግራ እጁን ጨብጦ ዞረ።

ሸዋወርቅ ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ያስቃል?»

«ይሄ ያንተ አይደለም እንዴ ገብሬ?»

«ምኑ?»

«ጭብጡ ነዋ! ሌሊት ወደ ግራ ስትገላበጥ እንኳ ትጨብጣለህ። ስንቴ ቀሚሴን ይዘህብኝ ነቅቻለሁ። ወደ ቀኝ ስትዞር ደግሞ እጅህን ታወናጭፍና ትመታኛለህ። እኔ ወታደር ሁሉ እንዲህ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ።»

ገብረወልድ እጁን አየ። ገና እንደተጨበጠ ነው። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

ታጠቅ ሰፈር፣ ያኔ፣ ገበሬዎቹ ግራና ቀኝ አልገባ ብለውት ነበር። ሞኝ ሆነው አይደለም። ገሚሱ አማርኛ አይሰማም፤ የሚሰማውም ቢሆን ገደል አፋፍ ላይ «ወደ ላይ፣ ወደ ታች» እያለ የኖረ ሰው ነው እንጂ በፉጨት ግራና ቀኝ የሚል አይደለም። ለአርሲዎቹ «ቢታ፣ ሚርጋ» እያለ በኦሮምኛ ሞከረ፤ ጎጃሞቹ ተደናበሩ። ቀኑ ይሮጣል፣ አለቆቹ ይጮኻሉ። አንድ ቀን ተስፋ ቆርጦ ሲያያቸው ሁሉም፣ ከየትም ይምጡ፣ አንድ ነገር እንደሚያውቁ ታወሰው፤ ሁሉም በሬ ጠምደው አርሰዋል። የሚያርስ ሰው በግራ እጁ እርፉን ይጨብጣል፣ በቀኙ ጅራፉን ያወናጭፋል። ገብረወልድም ግራና ቀኝ የሚለውን ተወና «ወደ እርፍ ዙር! ወደ ጅራፍ ዙር!» አለ። ጭብጥ አድርገው ዞሩ። ወዝወዝ አድርገው ዞሩ። አንድ እንኳ የተሳሳተ አልነበረም። እሱም አብሯቸው እየጨበጠ፣ አብሯቸው እያወናጨፈ፣ ደስታው ወሰን አጣ።

ነገሩ አለቆቹ ዘንድ ሲደርስ «ይሄ ጦር ነው ወይስ ደቦ?» ተባለ፤ ለሚቀጥሉት ምልምሎች በደንቡ መሠረት እንዲያሠለጥን ታዘዘ። ስለዚህ በእርፍና በጅራፍ የሚዞር ሰው በዓለም ላይ ካለ፣ ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱ ነው፤ ወይም ከእነሱ የተማረ። ጫምሳ ደግሞ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም።

«ከነሱ አንዱ ተርፏል ማለት ነው» አለ ገብረወልድ። ከዚያ ወዲያው፣ ጠባዩ ነውና፣ «ወይም ደግሞ አንዱ ኋላ ሸፍቶ ሌላ ጦር አሠልጥኖበት ይሆናል» አለ።

ሸዋወርቅ ምስሩን ገፋ አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ ልጁን አሳስረህ ነው እንዴ የምታስበው?»

ገብረወልድ ነገሩን ሊያስቀር ሽኩር ሱቅ ሄደ። ሽኩር ነገሩ ከእጁ እንደወጣ ነገረው፤ «አሁን ተሳስቼ ነው ብል እኔንስ ምን ይሉኛል?» አለና፣ ሽማግሌውን ለመጀመሪያ ጊዜ በሌላ ዓይን አየው። «ደግሞ ጠዋት እንደዚያ እርግጠኛ ነበሩ። ማነው ያነጋገርዎት?»

ቅዳሜ ገብረወልድ ሜዳው ላይ ሲደርስ ሁለት ፖሊሶች ከትምህርት ቤቱ ግድግዳ ጥግ ቆመዋል። ጫምሳ እንደ ወትሮው ሦስተኛው ረድፍ ዳር ላይ ነው። ገብረወልድ እንቅልፍ አልወሰደውም ነበር፤ ዓይኑ ቀልቷል። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶታል፤ እሱንም የሚጠይቀው በአፍ ሳይሆን በትእዛዝ ነው።

«ተጠንቀቅ!» አለ። በትሮቹ ቀጥ አሉ። ትንፋሹን ሳበና ከታጠቅ ወዲህ ከአፉ ወጥቶ የማያውቀውን ጮኸ።

«ወደ እርፍ ዙር!»

ሁሉም ግራ ተጋባ። መምህሩ «ምን አሉ?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ሰው ብቻ ዞረ፤ ጭብጥ አድርጎ፣ ተረከዙን አጋጭቶ፣ ቀጥ ብሎ። ጫምሳ እንደዞረ ነው የደነገጠው። ሰውነቱ ቀድሞት ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ወደ ጅራፍ ዙር!» አለ ገብረወልድ።

ጫምሳ ዞረ። አሁን መዋሸት ምን ይፈይድለታል?

«አያችሁ?» ሽኩር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳያንሾካሽክ ጮኸ። «አያችሁ ወይ! በምስጢር ቃል ነው የሚግባቡት! ሁለቱም!»

ገብረወልድ ልጁ ንጹሕ መሆኑን ያሳየ መስሎት ነበር፤ ያሳየው ሁለቱ ሌላው የማያውቀው ቋንቋ እንዳላቸው ነው። ፖሊሶቹ ጫምሳን ያዙ። ገብረወልድን ምን እንደሚያደርጉት ግራ ሲገባቸው፣ እሱ ራሱ የፒካፑን በር ከፍቶ ገባና ከጫምሳ ጎን ተቀመጠ። ሽኩር ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን ነበር።

ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። ብዙ ሰው አለ፤ ሁሉም እርስ በርሱ በጥርጣሬ ይተያያል። ገብረወልድ ዝቅ ብሎ «የአባትህ ስም ማነው?» አለ።

ጫምሳ ሊመልስ አልፈለገም። ይህ ሽማግሌ ነው ጉድጓድ የከተተው፤ ለምን ያምነዋል?

«እኔ ነኝ ያንን ነገር ያወጣሁት» አለ ገብረወልድ። «እርፍና ጅራፉን። ታጠቅ፣ ስልሳ ዘጠኝ። አባትህን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ።»

ጫምሳ ረጅም ጊዜ አየው። «መርዳሳ» አለ በመጨረሻ። «አርሲ፣ ደራ ነው ያለው። አሁንም አለ።»

መርዳሳ። ገብረወልድ ፊቱን ለማምጣት ሞከረ፤ ብዙ ፊት መጣበት፣ የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ አልቻለም። አለ የሚለው ቃል ግን ደረቱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። እንባው መጣ፤ ፖሊሱ እንዳያይበት ተጎንብሶ የጫማውን ክር አሰረ።

«ግራ እጁን ኦጋዴን ጥሎ ነው የመጣው» አለ ጫምሳ። «ከክርኑ በታች የለም። ከዚያ ወዲህ አላረሰም፤ እናቴና አጎቴ ናቸው ያረሱት። በበጋ ግን እኔንና ወንድሞቼን ደጅ ያሰልፈን ነበር። ወደ እርፍ፣ ወደ ጅራፍ፣ ተኛ፣ ተነሣ፣ ብርድ ልብስ እጠፍ። ስንሰለች ይቆጣል። ‘ከእኛ ጋር ከሄዱት ቀድመው የሞቱት መተኛት ያልተማሩት ናቸው’ ይላል።»

«ታዲያ ለምን ደበቅኸው?»

«እሱ ነዋ! አስተምሮ ሲያበቃ ያስምለናል። ‘ጦርነት ሲመጣ የሚችል ሰው ቀድሞ ነው የሚጫነው፤ ሲያሰልፉህ ተሳሳት’ ይላል። እኔም ተሳሳትኩ።» ጫምሳ ወለሉን አየ። «እጄን ግን እንዴት ላድርገው?»

መርማሪው ፖሊስ ጠራቸው። የደከመው ሰው ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ሽኩር ቀድሞ ገብቶ ስለ ምስጢር ቃሉ አስረድቷል። ገብረወልድ ታሪኩን ከመጀመሪያው ሲያወራ መርማሪው በግማሽ ልብ ሰማው፤ እርፍ የሚለው ላይ ፈገግ ያለ መሰለ፣ ግን አላመነም። «አባትየው አለ አይደል?» አለ። «እንጠይቀው።» ከጫምሳ ስልክ ላይ ደወለና ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ገብረወልድ እፎይ አለ። አሁን ነገሩ ያልቃል።

«ሃሎ! ኤኙ? ማነው?» አለ የሽማግሌ ድምፅ።

«ከአዳማ ፖሊስ ጣቢያ ነው። አቶ መርዳሳ ነዎት? ልጅዎ ጫምሳ ወታደራዊ ሥልጠና ወስዷል?»

ከኋላ ዶሮ ይጮሃል።

«እሱ?» አለ መርዳሳ። «እሱ ምን ያውቃል! ግራና ቀኙን የማይለይ ልጅ ነው።»

«እርስዎስ? ወታደር ነበሩ ይባላል።»

«ማን አለ? እኔ ገበሬ ነኝ ጌታው። ጠመንጃ በሩቁ ነው የማውቀው።»

«ገብረወልድ የሚባል አሠልጣኝ ያውቃሉ?»

ዶሮው ሁለት ጊዜ ጮኸ። «አላውቅም» አለ መርዳሳ። «እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም።»

ሽኩር ወደ መርማሪው ዞሮ እጁን ዘረጋ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ እንደማለት። ጫምሳ ዓይኑን ጨፈነ። አባቱ ሊያድነው ብሎ እየቀበረው ነው። መርማሪው ስልኩን ሊዘጋ እጁን ሲያነሣ ገብረወልድ ብድግ አለ። አላስፈቀደም። ተረከዙን ገጥሞ፣ ያ የሻከረ ድምፁ እስከ ኮሪደሩ ድረስ እስኪሰማ፣ ስልኩ ላይ ጮኸ።

«መርዳሳ! ተጠንቀቅ! ወደ እርፍ ዙር!»

ኮሪደሩ ሁሉ ጸጥ አለ። ስልኩም ጸጥ አለ፤ ዶሮውም። የሚሰማው የሽማግሌው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«በየትኛው እጄ ልዙር ጌታዬ?» አለ መርዳሳ።

መርማሪው እጁን ከስልኩ ላይ አነሣ። ሽኩር ግድግዳውን ማየት ጀመረ። ገብረወልድ ስንት ዘመን በየመናኸሪያው የፈለገው ሰው እነሆ ተገኘ፣ ምን ብሎ እንደሚያናግረው ግን አላዘጋጀም።

«አሁን ደግሞ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው?» አለ መርዳሳ። «እኔ አልበቃሁም?»

«የለም» አለ ገብረወልድ። «የለም መርዳሳ። ያስያዝኩት እኔ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው። ዛሬውኑ እኔው ራሴ ደራ ድረስ ይዤልህ እመጣለሁ።»

መርማሪው የጫምሳን መታወቂያ ከመሳቢያው አውጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ ልጁ ገፋ አደረገው።

«አላምንዎትም» አለ መርዳሳ። «ያኔም ትመለሳላችሁ ብለውን ነው መኪናው ላይ ያስወጡን። መጀመሪያ ልጄን ያገናኙኝ።»

ገብረወልድ ልክ ነህ ብሎ ስልኩን ለጫምሳ ሰጠው።